ከሎህ እስከ ሮቦት፦ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን የምርጫ ሰዓት



ከሮቤ፣ ከጎባ፣ ከጎሮና ከጊኒር ወላጆች ጋር በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። «በከተማ ያሉ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ኢንጂነሪንግና ሮቦቲክስ የሚባል የምርጫ ትምህርት ጀምረናል ይላሉ። ይህ ነገር ለእኛ ልጆች ይጠቅማል ወይስ ገንዘብና ጊዜ መፍጃ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የባላገር ልጅ ከመድረሳና ከአስኳላ የተረፈችው ሰዓት ጥቂት ናት፤ እሷንም ከብት፣ ውኃና የቤት ሥራ ይሻሟታል። ስለዚህ የምትተርፈው የምርጫ ሰዓት በምን ትሙላ ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብትም ግዴታም ነው። እኛም በዚህ ወር ዓምዳችን ጉዳዩን ከሥሩ አንስተን እንወያይበታለን።

ሮቦት ሲባል ምን ማለት ነው?

አብዛኞቻችን ሮቦት ሲባል ትዝ የሚለን በቴሌቪዥን ያየነው፣ የሰው ፊት ለብሶ የሚናገረው አሻንጉሊት ነው። ቃሉ የመጣው ከአንድ የቼክ ጸሐፊ ነው። ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 በጻፈው ቴአትር ውስጥ ሰው ሠራሽ ሠራተኞችን ሮቦት ብሎ ጠራቸው፤ በአገሩ ቋንቋ ቃሉ የግዳጅ ሥራን ያመለክታል። ነገር ግን በዓለም ፋብሪካዎች በእውነት ሥራ የጀመረው ሮቦት ፊትም አፍም አልነበረውም። ዩኒሜት የተባለው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የጋለ ብረት ከቅርጹ እያነሳ የሚያስቀምጥ አንድ ትልቅ ክንድ ብቻ ነበር። የሰውን እጅ ከቃጠሎ ያዳነ ክንድ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ መሣሪያ ሮቦት ለመባል ሦስት ነገር ይበቃዋል። አንደኛ፣ በዙሪያው ያለውን የሚያውቅበት ነገር ማለትም ሴንሰር ያስፈልገዋል። ብርሃንን፣ ሙቀትን፣ ንክኪን ወይም ርቀትን የሚለይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የተሰጠውን ትእዛዝ ይዞ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል ወሳኝ ክፍል ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ ውሳኔውን በሥራ የሚፈጽም ሞተር ወይም ክንድ ይኖረዋል።

ይህን ለልጅ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በቤታችን ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ እንመልከት። ውኃው ሲሞላ በውስጡ የሚንሳፈፈው ኳስ ወደ ላይ ይነሳና የቧንቧውን አፍ ይዘጋዋል፤ ውኃው ሲጎድል ደግሞ ወርዶ ይከፍተዋል። ኳሱ የውኃውን ልክ ያውቃል፣ ይወስናል፣ ይሠራልም። ኮምፒዩተር የለውም፤ የሮቦት ሐሳብ ግን አለው። በዚህች ኳስ የጀመረ ልጅ ነገ ስለ ትልቁ መሣሪያ ሲነገረው አይደነግጥም።

የቀደሙት ምን ሠሩ?

እዚህ ላይ የእስልምናን ሥልጣኔ ታሪክ ማንሳት ግድ ይለናል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ከሌላ ሰፈር የመጣ እንግዳ አይደለም። በዘጠነኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የነበሩት በኑ ሙሳ በመባል የሚታወቁት ሦስት ወንድማማቾች፣ ሙሐመድ፣ አሕመድና ሐሰን፣ እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ ኪታብ አል ሒየል የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በውስጡ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ በራሳቸው የሚሠሩ ዕቃዎችን አሠራር ዘርዝረዋል። የሮቶውን ኳስ የሚመስል፣ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ በነርሱ ሥራ ውስጥ ይገኛል።

ከነርሱ በኋላ የመጣው ኢስማዒል አል ጀዘሪ ደግሞ በዲያርበኪር የአርቱቅ ነገሥታት መሐንዲስ ነበር። በ602 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1206፣ ያጠናቀቀው መጽሐፍ 50 መሣሪያዎችን ከነሥዕላቸውና ከነአሠራራቸው ይገልጻል። የዝሆን ቅርጽ ያለው የውኃ ሰዓት፣ ውኃን ከወንዝ ወደ ላይ የሚስብ ባለ ሁለት ሲሊንደር ፓምፕ ከነዚህ መካከል ናቸው። ንጉሡ ውዱእ ሲያደርግ ሌላ ሰው በእጁ ላይ ውኃ እንዲያፈስለት ባለመውደዱ፣ አል ጀዘሪ ራሱ ውኃ የሚያፈስ መሣሪያ ሠርቶለት ነበር። ልብ በሉ፤ ለሥራው መነሻ የሆነው ከዕለት ተዕለት ኑሮ የወጣች አንዲት ትንሽ ችግር ናት።

ዛሬ ለኮምፒዩተር የሚሰጠው የትእዛዝ ቅደም ተከተል «አልጎሪዝም» ይባላል። ይህ ስም በባግዳድ በበይተል ሒክማ ይሠራ ከነበረው ከሊቁ ሙሐመድ አል ኸዋሪዝሚ ስም የተወሰደ ነው። አልጀብራም እንዲሁ ከመጽሐፉ ርእስ የወጣ ነው።

ይሁን እንጂ «አባቶቻችን ሠርተው ነበር» እያሉ መፎከር ብቻውን የልጆቻችንን እጅ አያንቀሳቅስም። አል ጀዘሪ የተከበረው የቀደሙትን ስላወደሰ ሳይሆን፣ የነርሱን ሥራ በእጁ ሞክሮ የጎደለውን ስለሞላ ነው። በመጽሐፉም ዕቃው ከምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚገጣጠም ሌላው ሰው እንዲሠራው አድርጎ ጻፈ። የጥሩ መምህር ምልክትም ይኸው ነው።

በአገራችንስ?

በአገራችን ይህ ሙያ ጨርሶ ያልተነካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ፣ ሶፊያ ለተባለችው ዝነኛ ሮቦት ከሚያስፈልጉ ሶፍትዌሮች በከፊል ሠርቷል። ሶፊያ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ነበር። በጉዞዋ አንዳንድ የአካል ክፍሎቿ በፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፍተው እንደነበር በዜና ተነግሯል። ልጆቻችን ስለ ሶፊያ ሲያወሩ የሚደነቁት በፊቷ ነው። እኛ ልናሳውቃቸው የሚገባን ግን ከፊቷ በስተጀርባ ያለውን ትእዛዝ ከጻፉት ወጣቶች መካከል ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ነው።

የወልቂጤውን ወጣት እዘዲን ካሚልንም ማንሳት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ፣ ይህ የ18 ዓመት ልጅ ሳይነኩት ሳሙና የሚሰጥ መሣሪያ ሠርቶ ሥራው በዓለም የዜና ማሰራጫዎች ተዘግቧል። አል ጀዘሪ ለንጉሥ እጅ ውኃ የሚያፈስ መሣሪያ ከሠራ ከ800 ዓመት በኋላ፣ አንድ የወልቂጤ ልጅ ለሕዝብ እጅ ሳሙና የሚሰጥ መሣሪያ ሠራ ማለት ነው።

የትምህርት ሥርዓታችንም ተለውጧል። በአዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ስድስት ዓመት፣ መካከለኛ ደረጃ ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት ሆኗል። መካከለኛ የሚባሉት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ናቸው። በነዚህ ክፍሎች የሙያና ቴክኒክ ትምህርትና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት እንዲሰጥ ተደርጓል። ራሱን የቻለ የሮቦቲክስ ትምህርት ግን አልተቀመጠም። እንግዲህ ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚቋቋም የተማሪዎች ክበብ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር መጀመሩም ይታወሳል። ትምህርቱ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ለመምህራንና ለታላላቅ ወንድምና እኅቶች ጥሩ ዕድል ነው። የ13 ዓመት ልጅ ግን ከስክሪን በፊት በእጁ የሚዳስሰው ነገር ያስፈልገዋል።

የሶፍ ዑመር ጨዋታ

በአካባቢያችን ያለ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ቦታ ለትምህርት ብንጠቀምበት ምን ይመስላችኋል? የሶፍ ዑመር ዋሻ ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው ነው። የውስጥ መንገዶቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ከአርባ የሚበልጡ መግቢያዎችም አሉት። በስማቸው የተጠራው ሼኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ዒባዳ ያደርጉበት እንደነበር አባቶች ሲያወርሱን ኖረዋል። በውስጡ እንደ ትልቅ መስጊድ ምሰሶ ተተክለው የቆሙ የድንጋይ ዓምዶች ያሉት አዳራሽ አለ።

እስቲ ልጆቹን እንዲህ እንጠይቃቸው። «በዋሻው ውስጥ ሳለህ ባትሪህ ቢጠፋብህ በምን ዘዴ ትወጣለህ?» አንዱ እጮኻለሁ ይላል፤ ሌላው እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ ይላል። በመጨረሻ አንዷ «ቀኝ እጄን ከግድግዳው ሳላነሳ እሄዳለሁ» ትላለች። ይህች ልጅ አልጎሪዝም ተናገረች።

ጨዋታው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይደረግ እንጂ ማንም ልጅ ለሙከራ ብሎ ወደ ዋሻው አይግባ፤ ወንዙ ሲሞላ አደገኛ ነው። በሜዳው ላይ ወንበርና አግዳሚ እየደረደርን የዋሻ መንገድ እንሥራ። አንድ ልጅ ዓይኑ ታስሮ «ሮቦት» ይሁን። ሌላው ደግሞ በወረቀት ትእዛዝ ይጻፍለት። የተፈቀዱት ትእዛዞች አራት ብቻ ናቸው፦ ወደፊት አንድ እርምጃ፣ ቁም፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ ወደ ግራ ዙር። ከነዚህ ጋር «ቀኝ እጅህ ግድግዳ ከነካ» የሚል አንድ ሁኔታ ይጨመር። ሮቦት የሆነው ልጅ ያልተጻፈለትን ነገር በራሱ አስቦ እንዳያደርግ ይከልከል። ጸሐፊው «ትንሽ ሂድ» ብሎ ከጻፈ ሮቦቱ ይቆማል፤ ትንሽ ስንት እርምጃ እንደሆነ አያውቅምና። ልጆቹ እየሳቁ ቃልን በልክ መጠቀም ይማራሉ።

አሁን ቁም ነገሩ ይመጣል። ከመግቢያው ጀምሮ ግድግዳውን የያዘ ልጅ በዘዴው ይወጣል። ነገር ግን ሮቦቱን ከመሐል አንሥተን፣ እጁን ብቻውን በቆመ ዓምድ ላይ ብናስጀምረውስ? ዓምዱን ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ማቆሚያ የለውም። ትእዛዙን አልጣሰም፤ እጁንም አላነሳም። ግን አይወጣም። ልጆቹ መጀመሪያ በሮቦቱ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ዝም ይላሉ። ምክንያቱም ስሕተቱ የሮቦቱ ሳይሆን የትእዛዙ መሆኑን ያያሉ። ዘዴው የሚሠራው የያዝከው ግድግዳ ከውጭው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚያም መፍትሔ ፍለጋ ይጀመራል። አንዱ «በተነሳበት ቦታ ጠመኔ ምልክት ያድርግ፤ ተመልሶ ምልክቱን ካገኘ ዓምዱን ትቶ ወደ ሌላ ግድግዳ ይሂድ» ይላል። ይህ ልጅ ለመሣሪያው ትዝታ ሰጠው። ከእንግዲህ ሮቦቱ የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን የሆነውንም ያውቃል። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የኮምፒዩተር ሳይንስም ከዚህ ዓይነት ጥያቄ የራቀ አይደለም። ይህን ለማስተማር የጠፋው ወጪ ደግሞ አንድ ጠመኔና አንድ ዓይን ማሰሪያ ጨርቅ ነው።

ወላጆች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ የፈተና ነው። «መጀመሪያ የስምንተኛ ክፍልን ይለፍ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» ይባላል። ጭንቀቱ ይገባናል። በ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። እነዚህ ልጆች ሁሉ ሮቦት ሲሠሩ ጊዜ አጥፍተው አይደለም የወደቁት። ብዙዎቹ ቀመሩን ያለ ትርጉሙ ሸምድደው፣ ጥያቄው መልኩን ሲቀይር የጠፋባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ሽምደዳን ጠላት አድርገን እንዳናወራ እንጠንቀቅ። እኛ በሎህ ላይ እየጻፍን፣ እያጠብን፣ ደግመን እየጻፍን ያደግን ሰዎች የማስታወስን ጥቅም እናውቃለን። ሎህ ትዕግሥትን፣ ፊደልን አለመሳትን፣ ከኡስታዝ ፊት ቀርቦ መታረምን አስተምሮናል። አንዲት ሐረካ ብትሳት ትርጉም ይለወጣል። በኮምፒዩተር ትእዛዝም አንዲት ነጥብ ብትጎድል ሥራው ይቆማል። በሎህ የሠለጠነ ልጅ ለዚህ ትምህርት ከማንም የተሻለ እንጂ ያነሰ ዝግጅት የለውም። የሚጨመርለት አንድ ነገር ነው፤ ያወቀውን በእጁ ሞክሮ ማየት።

ሁለተኛው ጥያቄ የሥራ ነው። አንድ በዕድሜ የጠገቡ ሐጂ «መምህር፣ ልጄን ኮምባይነር ነጂ ልታደርገው ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል።

«ሐጂ፣ ነጂነትም ክፉ ሙያ አይደለም» አልኳቸው። «እኔ የምፈልገው ግን ሲቆም የሚያስነሳውን ነው።»

ሐጂ ጥቂት አሰቡና «ባለፈው መኸር ስንዴው በማሳ ላይ ቆሞ መሣሪያው ሲበላሽ ስንት ቀን እንደጠበቅን ታውቃለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረንም።

እርግጥ ነው፤ በሲናና፣ በአጋርፋና በጋሰራ ሜዳዎች ኮምባይነር ሲገባ በማጭድ ያጭዱ የነበሩ ብዙ እጆች ሥራ ፈትተዋል። ማሽን ሥራ ይቀማል የሚለው ፍርሃት ለባሌ ገበሬ ወሬ ሳይሆን ያየው ነገር ነው። ነገር ግን ማሽኑን አንፈልግም ብንል አይቀርልንም፤ ገበሬው ራሱ ዝናብ ሳይቀድመው እህሉን ለማንሳት ይፈልገዋል። እንግዲህ የቀረልን ምርጫ መሣሪያው ሲበላሽ መፍቻውን የሚይዘው ማን ይሁን የሚለው ነው። ከሩቅ የሚጠበቅ ባለሙያ ወይስ የሰፈራችን ልጅ? በዋቤ ሸበሌ ላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረውና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ ከደጃችን ነው። እዚያም ሆነ በእርሻው ለሚያስፈልጉት እጆች መሠረቱ የሚጣለው በሰባተኛ ክፍል ነው።

ሦስተኛው የሴት ልጆች ነገር ነው። «ሽቦና መፍቻ ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአፍጋኒስታን ከሄራት ከተማ የመጡ ስድስት ሴት ተማሪዎች በዋሽንግተን በተደረገ ዓለም አቀፍ የሮቦት ውድድር ለመካፈል ተነሱ። ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከለከሉ፤ በመጨረሻ ተፈቅዶላቸው ገቡ፤ ስለ ጽናታቸውም የብር ሜዳልያ ተሸለሙ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ቡድኑ ከአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ መኪና ዕቃ የመተንፈሻ መሣሪያ ለመሥራት ተነሳ። በ2021 የመንግሥት ለውጥ ሲሆን ብዙዎቹ አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህም በዚያች አገር ከስድስተኛ ክፍል በላይ ለሴት ልጆች የትምህርት በር ተዘጋ። ሒጃባቸውን እንደለበሱ መፍቻ የያዙትን እነዚያን ልጆች ያየ ሰው፣ ዕውቀትና ሥነ ምግባር ይጣላሉ ሊል አይችልም። በእኛ አገር በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ሴት ልጆቻችንን ራሳችን ከደጁ ብንመልስ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

አራተኛው ጥያቄ ከሃይማኖት አንጻር የሚነሳው ነው። የሰው ቅርጽ ያለው ነገር መሥራትን በተመለከተ ፍርዱ የዑለማ ነው፤ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ፈትዋ አይሰጥም። ነገር ግን ለክፍላችን ይህ እንቅፋት አይሆንም። የምንሠራው ክንድ፣ ጋሪ፣ የውኃ መዝጊያ እንጂ ፊት አይደለም። ልጁም ከዚህ አንድ ነገር ይማራል፤ የሮቦት ዋናው ነገር ሥራው እንጂ መልኩ አይደለም።

ከየት እንጀምር?

ገንዘብ የለንም ብለን እንዳንቆም፣ ለመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የሚበቃ ሥራ እንጠቁማለን። ከሁሉ አስቀድሞ የጥንቃቄውን ሕግ እንናገር። ልጆች በምንም ምክንያት የግድግዳውን መብራት አይንኩ፤ 220 ቮልት ይገድላል። ሁሉም ሥራ በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ይሁን፤ ሁለቱ ሲቀጠሉ 3 ቮልት ይሆናሉ። አሮጌ የሞባይል ባትሪ አይፈታ፣ አይበሳ፤ እሳት ያነሳል። ስሪንጅ የሚያስፈልግ ከሆነ ከፋርማሲ አዲስ ይገዛ፤ መርፌው ተነቅሎ በአዋቂ ይወገድ። ያገለገለ ስሪንጅ ፈጽሞ አይነካ።

የመጀመሪያው ሥራ ከተበላሸ ቴፕ ወይም አሻንጉሊት የወጣች ዲናሞ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይና ጥቂት ሽቦ ይፈልጋል። ልጁ ሽቦውን ገልብጦ ሲያገናኝ ዲናሞዋ ወደ ኋላ ትዞራለች። ለምን? ይጠይቅ፤ ይሞክር፤ በደብተሩ ይጻፍ። ቀጥሎ በካርቶንና በጠርሙስ ክዳን ጋሪ ሠርቶ ያስነዳት።

ሁለተኛው ሥራ የካርቶን ክንድ ነው። ሁለት ስሪንጆች ውኃ ተሞልተው በቀጭን ቱቦ ይገናኛሉ። አንዱን ሲጫኑት ሌላው ይወጣና ክንዱን ያነሳዋል። አንደኛው ስሪንጅ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ቢሆን ልዩነቱን ልጆቹ በጣታቸው ይዳስሱታል። የወፍራሙ ክዳን ስፋት የቀጭኑን አራት እጥፍ ቢሆን፣ በቀጭኑ በኩል የጫነ ልጅ አራት እጥፍ ጉልበት ያገኛል፤ በአንጻሩ ወፍራሙ የሚንቀሳቀሰው ርቀት ሩብ ብቻ ይሆናል። ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። ኮምባይነሩ ከባዱን መቁረጫ የሚያነሳውም፣ ጋራዥ ያለው የዘይት ክሪክ መኪና የሚያነሳውም በዚሁ ሕግ ነው። ልጁ ከዚህ በኋላ በኮምባይነር አጠገብ ሲያልፍ የሚያየው ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ሥራ የሚመጣው ትምህርት ቤቱ አቅም ሲያገኝ ነው። አርዱይኖ የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣልያን አገር ለተማሪዎች ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ንድፉ ለማንም ክፍት ስለሆነ በርካሽ ይባዛል። አንዱን ሰሌዳ አራት ልጆች ተካፍለው ሊሠሩበት ይችላሉ። ኮምፒዩተር ያለው ቦታ፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲ ወይም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ በቅዳሜ ጥቂት ሰዓት እንዲፈቅድ የወላጆች ኮሚቴ ሄዶ ይጠይቅ። በአገራችን በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለአካባቢያቸው ተማሪዎች የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል አላቸው። በሮቤ የሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ከደጃችን ነው፤ ልጆቻችን ከመምህራኑና ከተማሪዎቹ እንዲማሩ በሩን ማንኳኳት የኛ ድርሻ ነው።

የቋንቋውንም ነገር እናስብበት። የአካባቢያችን ልጅ በአፋን ኦሮሞ ይማራል፣ በመድረሳ ዐረብኛ ያነባል፣ አማርኛም ይሰማል፣ የኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ አዲስ ቃል ባስተማረ ቁጥር ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ያብራራለት። ቃሉን ተሸምድዶ ሐሳቡ ከቀረ ምንም አልተማረም።

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ምክር እንለግሳለን። «ሮቦቲክስ እናስተምራለን» የሚል ሰሌዳ ያየ ሁሉ ክፍያውን ከፍሎ ይመለስ ማለት አይደለም። ውድ ዕቃ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት ለእንግዳ ብቻ የሚወጣበት ቦታ አለ። ወላጅ ሄዶ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ልጄ በሳምንት ስንት ጊዜ ዕቃውን በእጁ ይይዛል? የተበላሸበትን ሥራ የጻፈበት ደብተር አለው? የሠራው ነገር የየትኛውን ሰው ችግር ያቃልላል? ለነዚህ መልስ የሌለው ክፍል ሰሌዳው ምንም ያህል ቢያምር ክፍል አይደለም። መልስ ያለው ግን ወለሉ አፈር፣ ዕቃው ካርቶን ቢሆንም ልጃችንን ልንልክበት የሚገባ ነው።

ማታ ልጅዎ ሲመለስ «ዛሬ ስንት አመጣህ?» ብቻ አይበሉት። «ዛሬ ምን አልሠራ አለህ? ምንስ አደረግህ?» ይበሉት። ለሁለተኛው ጥያቄ ረጅም መልስ ያለው ልጅ እየተማረ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው።